መኪና መያዝ ወይስ አለመያዝ፦ ለወጣቶች የውሳኔ መመሪያ

ትምህርት ጨርሶ ሥራ የያዘ ሰው ቀጥሎ መኪና ይገዛል የሚለው ቅደም ተከተል ለብዙ ዘመን ጥያቄ ሳይነሣበት ኖሯል። ዛሬ ግን ደመወዙ የሚፈቅድለት ወጣት እንኳ «ለምን ያስፈልገኛል?» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚመለስበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። አንዱ የአየር ብክለትን ጠቅሶ አልገዛም ይላል፣ ሌላው ጓደኞቹ ስለገዙ ይገዛል፣ ሁለቱም ግን በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጓዙ ቢጠየቁ መልስ የላቸውም። የዚህ መመሪያ መነሻ፣ ሰው የሚፈልገው ከቦታ ቦታ መድረስን ነው የሚል ነው። ባለቤትነት ከመድረሻ መንገዶች አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ውሳኔው ከሌላ ሰው አስተያየት ይልቅ በራስዎ ጉዞዎች ላይ ሊመሠረት ይገባል።

አቋሙ የራስዎ መሆኑን ያጣሩ

ወጣቶች ከመኪና እየራቁ ነው የሚለው ወሬ መሠረት አለው። በዩናይትድ ስቴትስ በ1983 ዕድሜያቸው 16 ዓመት ከሆነ ታዳጊዎች 46 በመቶ ያህሉ መንጃ ፈቃድ ነበራቸው፤ በ2014 ቁጥሩ ወደ 24 በመቶ ገደማ ወርዷል። ከ20 እስከ 24 ዓመት ባሉት ዘንድም ከ92 ወደ 77 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጃፓንም የወጣት ደንበኞች መሸሽ የመኪና አምራቾችን ሲያሳስብ ቆይቷል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የፍላጎት ለውጥ ብቻ ያመጣው አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ለታዳጊዎች መንጃ ፈቃድ የሚሰጡት ደረጃ በደረጃ ሆነ፤ የትምህርት ዘመን ረዘመ፣ ትዳርና ልጅ ዘገየ፣ የቤት ኪራይ ተወደደ፣ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስም ብዙ ወጣቶችን ሥራ አሳጣ። በ2019 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ የተሳተፈበት አንድ ጥናት፣ የገቢና መሰል ልዩነቶች በስሌቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚሌኒያል ትውልድ (ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ገደማ የተወለደው) መኪና የመያዝ ፍላጎት ከቀደሙት ትውልዶች እምብዛም እንደማይለይ አመልክቷል። በእኔ ግምት «አልፈልግም» ከሚሉት ብዙዎቹ በትክክል ቢናገሩ «ገና አልቻልኩም» ይሉ ነበር።

ልዩነቱ የሚጠቅመው ለዕቅድ ነው። መኪና ላለመግዛት ያሰቡበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉና «ገቢዬ በእጥፍ ቢጨምር በሚቀጥለው ዓመት እገዛ ነበር?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ የያዙት አቋም ሳይሆን የጊዜ ሰሌዳ ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ መቆጠብና መንጃ ፈቃድ ማውጣት አሁኑኑ የሚጀመር ሥራ ነው። መልሱ «አይ» ከሆነ፣ ለምሳሌ መንዳት ስለማይወዱ ወይም ሥራዎም ቤትዎም በእግር ስለሚደረስበት ከሆነ፣ ገንዘቡን ለሌላ ዓላማ መመደብ ይችላሉ። ለመግዛት የቆረጠውም ተመሳሳይ ጥያቄ አለበት፦ መኪናውን ማንም የማያየው ቢሆን ይገዛው ነበርን? ለክብር ሲባል መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ ሆኖም የክብሩ ዋጋ የትራንስፖርት ወጪ ተብሎ ሊመዘገብ አይገባም።

አራት ሳምንት የሚዘልቅ የጉዞ መዝገብ

ቀጣዩ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም የማይዘለል ነው። ለአራት ተከታታይ ሳምንታት፣ የወሩ መጨረሻና ቢያንስ አንድ የበዓል ወይም የእረፍት ቀን እንዲገባበት አድርገው፣ እያንዳንዱን ጉዞ በስልክዎ ወይም በደብተር ይመዝግቡ፦ ከየት ወዴት፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሰው ሆናችሁ፣ ምን ዕቃ ይዛችሁ፣ በምን ተጓዛችሁ፣ ስንት ተከፈለ፣ ከቤት ደጃፍ እስከ መድረሻው ስንት ደቂቃ ፈጀ። ርቀቱን በግምት አይሙሉት፤ የስልክ ካርታ በትክክል ይነግርዎታል፣ ግምት ግን ሁልጊዜ ወደ ፈለግነው ወገን ያጋድላል።

አብዛኛው ሰው የሚረሳው አንድ ዓምድ ይጨመርበት፤ ይኸውም ያልተደረጉ ጉዞዎች ዓምድ ነው። ትራንስፖርት ስለሌለ የቀረ የዘመድ ጥየቃ፣ በማታ መመለስ ስለሚያሰጋ የተተወ ኮርስ፣ ርቆ ስለተገኘ ያልተሞከረ የሥራ ቅጥር እዚህ ይገባል። መኪና የሌለው ሰው ያልወጣው ገንዘብ ይታየዋል፣ ያልሄደበት ቦታ ግን አይታየውም፤ ስለዚህ ይህ ዓምድ ባዶ ከሆነ አለመያዝዎ ምንም አላጎደለብዎትም፣ ከሞላ ደግሞ የቆጠቡት ገንዘብ ከሌላ ኪስ ሲወጣ ቆይቷል ማለት ነው።

አራቱ ሳምንት ሲያልቁ ጉዞዎቹን በሦስት ይክፈሏቸው፦ በየቀኑ የሚደጋገሙ፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጡ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥሙ። እዚህ ላይ የብዙ ገዢዎች ስሕተት ይገለጣል። መኪናው የሚመረጠው ለሦስተኛው ዓይነት፣ ማለትም በዓመት ሁለቴ ሰባት ሰው ጭኖ ሩቅ ለመሄድ፣ ሲሆን ወጪው የሚከፈለው ግን በየቀኑ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ሥራ ለመመላለስ ነው። ለሠርግ የሚሆን ድስት ገዝቶ በየዕለቱ የአንድ ሰው ራት እንደ መሥራት ነው። አልፎ አልፎ የሚመጣው ጉዞ በኪራይ ይሸፈን፤ ውሳኔው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክፍል ላይ ይቁም።

ትክክለኛው ወጪ

ሰዎች የታክሲን ክፍያ ከነዳጅ ዋጋ ጋር ያነጻጽራሉ። ይህ ንጽጽር ገና ከጅምሩ የተሳሳተ ነው፤ ምክንያቱም ነዳጅ ከመኪና ወጪ ትልቁ ክፍል ላይሆን ይችላል። ወጪውን በሁለት ይክፈሉት፦ መኪናው ከቆመበት ባይነቃነቅም የሚከፈለውና ከተነዳው ርቀት ጋር የሚጨምረው። በመጀመሪያው ውስጥ መኪናው በየዓመቱ ከዋጋው የሚያጣው፣ መድን፣ የማቆሚያ ክፍያ፣ ዓመታዊ ግብርና የቴክኒክ ምርመራ ይገባሉ፤ በሁለተኛው ውስጥ ነዳጅ ወይም ኤሌክትሪክ፣ ጎማ፣ ዘይት፣ ሰርቪስና መለዋወጫ።

አሠራሩ እንዲታይ የመኪናውን ዋጋ 100 እናድርገው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ50 ቢሸጥ በየዓመቱ 10 ጠፍቷል። መድኑ 4፣ ማቆሚያው 3፣ ግብርና ምርመራው 1 ቢሆን ቋሚው ወጪ በዓመት 18 ይሆናል። በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ነዳጁ 6፣ ጥገናው 6 ቢሆን ጠቅላላው 30 ነው፤ በአምስት ዓመት 150 ማለት ነው፣ ያውም ሽያጩ የመለሰው ገንዘብ ከተቀነሰ በኋላ። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በ2.5 ሄደ። ያው ሰው 4,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢነዳ ተለዋዋጩ ወጪ ወደ 4 ይወርዳል፣ ቋሚው 18 ግን እንዳለ ይቆያል፤ ስለዚህ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በ5.5 ሄደ፣ ከሁለት እጥፍ በላይ። «ትንሽ ስለምነዳ መኪናዬ አያስወጣኝም» የሚለው አባባል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ የሚነዳ ሰው ለእያንዳንዱ ጉዞ ከሁሉም የበለጠ ይከፍላል።

ከዚህ ስሌት የሚፈለገው አንድ ቁጥር ነው፣ ይኸውም መኪና መያዝና አለመያዝ እኩል የሚሆኑበት ዓመታዊ ርቀት። ከጉዞ መዝገብዎ ላይ በአሁኑ አኗኗርዎ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚያስወጣዎት ያውጡ፣ በምሳሌያችን 4 ይሁን። ከዚህ ላይ የመኪናውን ተለዋዋጭ ወጪ ለአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር፣ በምሳሌያችን 1፣ ይቀንሱ፤ 3 ይቀራል። ቋሚውን 18 ለ3 ሲያካፍሉት 6 ይወጣል፤ ማለትም ከ6,000 ኪሎ ሜትር በታች የሚጓዝ ሰው ባይገዛ ይጠቀማል፣ ከዚያ በላይ የሚጓዝ ቢገዛ ይጠቀማል። ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ ሊገዙት ያሰቡትን መኪና ያገለገለ ዋጋ ከገበያ፣ የመድኑን ዋጋ ከመድን ድርጅት ጠይቀው የራስዎን ይተኩ። ወጣት አሽከርካሪ ከፍ ያለ የመድን ዋጋ ስለሚጠየቅ ይህን ቁጥር በተለይ በግምት አይለፉት።

በብድር የሚገዛ ሰው ወርኃዊውን ክፍያ በሙሉ ከዋጋ መቀነሱ ጋር ደርቦ መቁጠር የለበትም፤ የዋናው ብድር ክፍያ በዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯልና፣ የሚጨመረው ወለዱ ብቻ ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛም ያ ገንዘብ በባንክ ቢቀመጥ ያስገኝለት የነበረውን ወለድ ይጨምር። ጊዜን በገንዘብ መተመን የሚወዱ አሉ፤ እኔ ግን ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጦ በዓይን ማየትን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም በአውቶቡስ ውስጥ መጽሐፍ የሚነበብበት አንድ ሰዓትና በመሪ ላይ የሚያልፍ አንድ ሰዓት ዋጋቸው አንድ አይደለም።

አማራጩን በክፉ ቀን ይፈትኑት

መኪናን በጋራ መጠቀም አዲስ ሐሳብ ይመስላል እንጂ በዙሪክ በ1948 የተቋቋመ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሞክሮታል፤ በስዊዘርላንድ በ1997 ከሁለት ማኅበራት ውሕደት የተፈጠረው ሞቢሊቲ ደግሞ ዛሬም ይሠራል። ሐሳቡ የሚያሳምነው በቀላል ምክንያት ነው፤ በቀን አንድ ሰዓት የሚነዳ መኪና 23 ሰዓት ቆሞ ይውላል፣ ያድራልም። በ2000 መኪና በሰዓት የሚያከራየው ዚፕካር፣ በ2009 ደግሞ በስልክ መተግበሪያ መኪና ከነሹፌሩ የሚያስጠራው ኡበር ሲመሠረቱ፣ ስልክ በእጁ ያለ ወጣት ባለቤት ሳይሆን ተጠቃሚ መሆን እንደሚችል ብዙዎች አመኑ።

ይሁን እንጂ በአንድ አገልግሎት ላይ ብቻ ተማምኖ ኑሮን ማደራጀት አደገኛ ነው። በፓሪስ በ2011 የተጀመረው አውቶሊብ የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና አገልግሎት በ2018 ተዘጋ። መኪና ለአጭር ጊዜ የሚያከራየው ሼር ናው በ2020 ሰሜን አሜሪካን ለቅቆ ወጣ። አውቶቡስን፣ ታክሲንና ኪራይን በአንድ ወርኃዊ ክፍያ አጠቃልሎ በሄልሲንኪ በ2016 ሥራ የጀመረው ዊም የተባለው መተግበሪያ ባለቤት ድርጅት በ2024 ለኪሳራ ተዳረገ። ኡበር ራሱ የመጀመሪያውን ዓመታዊ የሥራ ትርፍ ያስመዘገበው በ2023 ነው፤ ይህም ማለት ደንበኞች ለብዙ ዓመታት ሲከፍሉት የነበረው ዋጋ በከፊል ከባለሀብቶች ኪስ የተደጎመ ነበር። ስለዚህ ስሌቱን ሲሠሩ የአማራጮቹን ዋጋ አሁን ካለው ላይ አንድ አራተኛ ያህል ከፍ አድርገው እንደገና ይሞክሩት፤ ውጤቱ ከተገለበጠ ውሳኔዎ በሌሎች ትርፍና ኪሳራ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አንድ አማራጭ የሚመዘነው በመልካም ቀኑ አይደለም። ዝናብ በሚጥልበት ምሽት፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ሕመምተኛ ይዘው፣ ስልክዎ ሊጠፋ ሲል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሞክሩት፤ ቢያንስ ሁለት የማይገናኙ መንገዶች፣ ለምሳሌ አንድ የሕዝብ ትራንስፖርት መስመርና አንድ የጥሪ ታክሲ፣ ከሌሉዎት አማራጭ አለኝ አይበሉ። የደኅንነት ጉዳይ ለሁሉም እኩል አይደለም፤ በማታ ብቻዋን የምትመለስ ሴት በስሌት ብቻ የማይገለጽ ምክንያት ሊኖራት ይችላል፣ ያም ምክንያት ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ሊከበር ይገባል።

የሚኖሩበት ከተማ ደንብም ስሌቱን ሊለውጠው ይችላል። ሲንጋፖር ከ1990 ጀምሮ መኪና ለመያዝ በጨረታ የሚገዛና ለ10 ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ጃፓን በ1962 ባወጣችው ሕግ ገዢው መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ እንዳለው እንዲያረጋግጥ ታስገድዳለች፤ ለንደን ከ2003፣ ስቶክሆልም ከ2007 ጀምሮ ወደ መሐል ከተማ የሚገባን መኪና ያስከፍላሉ። የእርስዎ ከተማ ዛሬ ይህ ባይኖረውም፣ አምስት ዓመት የሚይዙትን ንብረት ሲገዙ የታቀደውን ደንብ ማጣራት አይከፋም።

ላለመያዝ ከወሰኑ

መንጃ ፈቃድዎን ግን ያውጡ። አለመያዝ አለመቻል ከሆነ ምርጫነቱ ይቀራል። ብዙ የመኪና አከራዮች ፈቃዱ ቢያንስ አንድ ዓመት የቆየ እንዲሆን ይጠይቃሉ፣ ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑትንም ተጨማሪ ያስከፍላሉ፤ ስለዚህ ፈቃዱን ያዘገየ ሰው ያስፈለገው ዕለት መኪና መከራየት አይችልም። የመንዳት ችሎታ ሳይለማመዱት የሚደክም ስለሆነ በየጥቂት ወሩ እየተከራዩ መንዳት ይጠቅማል። የወዳጅ መኪና ከመንዳትዎ በፊት መድኑ ባለቤቱን ብቻ ወይስ ሌላ አሽከርካሪንም እንደሚሸፍን ውሉን ይመልከቱ፤ የወዳጅነት መጨረሻ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ግጭቱ ሳይሆን ከግጭቱ በኋላ የሚመጣው የመድን ድርጅት ደብዳቤ ነው።

የተረፈውን ገንዘብ በየወሩ ወደ ተለየ ሒሳብ ያስገቡት። እንዲሁ ከደመወዝ ጋር ከተቀላቀለ ቁጠባው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፤ ተለይቶ ከተቀመጠ ግን የኪራይና የአስቸኳይ ታክሲ ወጪ ሲመጣ ሳይሳቀቁ ይከፍሉበታል። መኪና የሌለው ሰው ታክሲ ሲጠራ ብክነት የፈጸመ እየመሰለው ይሳሳል፣ የመኪና ባለቤት ግን ነዳጅ ሲሞላ እንዲህ አይሰማውም።

ለመያዝ ከወሰኑ

መኪና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዋጋው ብዙውን ስለሚያጣ፣ ሦስት ወይም አራት ዓመት ያገለገለና የሰርቪስ ታሪኩ የተያዘለት መኪና ለመጀመሪያ ገዢ ይሻላል፤ ሻጩ የማያውቀው መካኒክ ሳያየው ግን አይግዙት። ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ በቅድሚያ ሌሊት የሚሞላበት ቦታ መኖሩን፣ ቀጥሎ የባትሪው ጤና በምርመራ ስንት በመቶ እንደቀረው ይወቁ፤ ብዙ አምራቾች ለባትሪው የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ዋስትናው ለሁለተኛ ገዢ የሚተላለፍ መሆኑንና ምን ያህል እንደቀረው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከወንድም፣ ከእኅት ወይም ከጓደኛ ጋር በጋራ መግዛት የማይናቅ መንገድ ነው፣ በተለይ የሁለታችሁ ዓመታዊ ርቀት ተደምሮ ከላይ ያየነውን እኩል የሚሆንበትን ቁጥር የሚያልፍ ከሆነ። መቀራረባችሁን ተማምናችሁ ውሉን ሳትጽፉ አትጀምሩ። መኪናው በማን ስም እንደሚመዘገብ፣ ሁለታችሁም በመድኑ ላይ በአሽከርካሪነት መጠቀሳችሁን፣ ቋሚው ወጪ እኩል ተለዋዋጩ ደግሞ በተነዳው ኪሎ ሜትር እንደሚከፈል፣ የትራፊክ ቅጣትን ጥፋቱን የፈጸመው እንደሚከፍል፣ አንዱ ለመውጣት ሲፈልግ ድርሻው በምን ዋጋ እንደሚተመን ይጻፍ። ከእነዚህ ሁሉ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው፤ ጠብ የሚያስነሣውም እሱ ነው።

ከቤተሰብ ጋር መነጋገር

ለወላጆች ትውልድ መኪና ልጃቸው ራሱን መቻሉን የሚያዩበት ምልክት ስለሆነ፣ «አልገዛም» የሚለው ቃል እነርሱ ዘንድ ሲደርስ «አልተሳካልኝም» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። ስለ ትውልድ ልዩነት መከራከር ፍሬ የለውም። አባትዎና እናትዎ የሚያሳስባቸውን ቁም ነገር ለይተው ይስሙ፦ ሌሊት ሕመም ቢነሣ በምን ይደረሳል? አያትን ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው ማን ነው? ለእነዚህ በስም የሚጠራ መልስ፣ ማለትም የታክሲ ስልክ ቁጥር፣ የተለየ ሒሳብና የተስማማ ጎረቤት፣ ካለዎት ጭንቀታቸው ይቀንሳል። ከሌለዎት ደግሞ ወላጆችዎ ልክ ናቸው፣ መዝገብዎ ላይም ያልተጻፈ ጉዞ አለ።

ውሳኔው የሚከለስበት ጊዜ

በየትኛውም ወገን ቢወስኑ ውሳኔውን ከአንድ ዓመት በላይ ሳይከልሱ አያቆዩት፤ የሥራ ቦታ ሲለወጥ፣ ቤት ሲቀየር፣ ልጅ ሲወለድ፣ ወይም የሚተማመኑበት የትራንስፖርት መስመር ሲቋረጥ ደግሞ ዓመቱን አይጠብቁ። ክለሳው ሲደርስ የድሮውን መዝገብ አይጠቀሙ፣ አዲስ አራት ሳምንት ይያዙ። መኪና ያለው ሰው የመኪናውን የዕለቱን የገበያ ዋጋ ጠይቆ «ይህ ገንዘብ ዛሬ በእጄ ቢሆን ይህንኑ መኪና እገዛ ነበር?» ይበል፤ የሌለው ደግሞ ያልተደረጉ ጉዞዎችን ዓምድ ከአምናው ጋር ያስተያይ፣ ከጨመረ መያዝና አለመያዝ እኩል የሚሆኑበትን ርቀት ከማውጣት ጀምሮ ስሌቱን እንደገና ይሥራው።